ኢንሱሊን ዓባይን ሲሻገር፦ የዓይነት አንድ ስኳር ሕመም ታሪክና የእኛ ልጆች

ባለፈው የወር ስብሰባችን ከቡናው በኋላ ለትልልቆቹ እናቶቻችን አንድ ጥያቄ አቀረብን። «በልጅነታችሁ ውኃ ጠጥቶ የማይረካ፣ ሌሊቱን ለሽንት ሲነሣ የሚያድር፣ እየበላ የሚከሳ፣ በመጨረሻም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያለፈ ልጅ ታስታውሳላችሁ?» አልናቸው። ጥቂት ዝም ተባለ። ከዚያ አንዷ እናት «የአክስቴ ልጅ» አሉ። ሌላዋ «የጎረቤታችን ልጅ፤ ቡዳ በላት ተባለ» አሉ። ሦስተኛዋ ደግሞ ምች መታው የተባለ ታናሽ ወንድማቸውን አነሡ። «ስኳር» ብሎ የተናገረ ግን አልነበረም። በዚያ ዘመን ስኳር ከገበያ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚመጣ ነገር እንጂ የበሽታ ስም አልነበረም።

እናቶቻችን የዘረዘሩት ምልክት ዛሬ ሐኪሞች የዓይነት አንድ ስኳር ሕመም ምልክት ብለው ከሚያስተምሩን ጋር አንድ ነው። ስለዚህ በዚህ እትም፣ እንዲህ ያለ ልጅ ይሞትበት ከነበረው ዘመን ይኖርበት ዘንድ ወደሚችልበት ዘመን እንዴት እንደተደረሰ፣ መድኃኒቱ እኛ ደጋ ድረስ በምን መንገድ እንደመጣ፣ እስካሁንም የት ላይ እንደሚቆም ልንጽፍ ወደድን። መጨረሻ ላይ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የምንወስነው አንድ ጉዳይ አለ፤ ታሪኩን የምንተርከውም ለዚያ ብለን ነው።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ሆዳችን ውስጥ ከጨጓራ ኋላ ቆሽት የሚባል አካል አለ። ቆሽት ኢንሱሊን የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫል። የበላነው እንጀራ ወደ ስኳርነት ተለውጦ ደም ውስጥ ሲገባ፣ ከደም ወደ ሥጋችን እንዲገባና ጉልበት እንዲሆን በሩን የሚከፍትለት ኢንሱሊን ነው። በዓይነት አንድ ስኳር ሕመም የሰውነት መከላከያ ኃይል ራሱ ተሳስቶ ኢንሱሊን የሚሠሩትን የቆሽት ሕዋሳት ያጠፋል። ያን ጊዜ ስኳሩ ደም ውስጥ ይከማቻል፣ በሽንት ይወጣል፣ ውኃውንም ይዞ ይሄዳል። ሕመምተኛው እየበላ ይራባል። ሰውነቱ ስኳሩን መጠቀም ሲያቅተው ስቡን ያነድዳል፤ ከዚያ የሚወጣው አሲድ ደሙን ይመርዘዋል። ትውከት፣ የሆድ ቁርጠት፣ ጥልቅና ፈጣን ትንፋሽ፣ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል የአፍ ጠረን፣ ከዚያም ራስን መሳት ይከተላል።

ይህ ሕመም ጣፋጭ በመብላት የሚመጣ አይደለም። ከእናት ኃጢአትም፣ ከመተትም አይደለም። በአብዛኛው በጎልማሶች ላይ ከሚታየውና በክኒን ሊታከም ከሚችለው ከዓይነት ሁለትም ይለያል። ዓይነት አንድ ያለበት ሰው ከታወቀበት ቀን ጀምሮ ዕድሜውን ሙሉ በየቀኑ ኢንሱሊን በመርፌ መውሰድ አለበት። ካቆመ ይሞታል።

ከመርፌው በፊት

ሕመሙ አዲስ አይደለም። ከ1,800 ዓመት በፊት የቀጰዶቅያው ሐኪም አሬቴዎስ የሕመምተኛው ሥጋ እየቀለጠ በሽንት እንደሚወጣ፣ ዕድሜውም አጭር እንደሆነ ጽፎ ነበር። ምንጩ ቆሽት መሆኑ የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1889 ነው። በጀርመን ሚንኮቭስኪና ፎን ሜሪንግ የተባሉ ሐኪሞች የአንድ ውሻ ቆሽት ቢያወጡ ውሻው የስኳር ሕመም ያዘው።

ምንጩ ከታወቀ በኋላም ከሠላሳ ዓመት በላይ መድኃኒት አልነበረም። በአሜሪካ ዶክተር ፍሬድሪክ አለን ያስፋፉት ሕክምና ልጆቹን በቁጥጥር ማስራብ ነበር። ምግብ ሲቀነስ የደም ስኳሩ ይወርዳል፣ ሞቱም ለጥቂት ጊዜ ይዘገያል። ኤልሳቤጥ ሂዩዝ የምትባል የአንድ ታላቅ የአሜሪካ ባለሥልጣን ልጅ በ11 ዓመቷ ታማ በዚህ ረኃብ ሦስት ዓመት ቆየች። 15 ዓመት ሊሞላት ሲል ክብደቷ 20 ኪሎ ገደማ ብቻ ነበር። አባቷ የአገሪቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። ሥልጣንም ሆነ ገንዘብ በዚያ ጊዜ ልጅ አያድንም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1921 በካናዳ፣ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ፣ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት በፕሮፌሰር ማክሊዮድ ቤተ ሙከራ ከእንስሳት ቆሽት የሚወጣውን ንጥር መፈተሽ ጀመሩ። ጥር 3 ቀን 1914 ዓ.ም. ለሊዮናርድ ቶምፕሰን፣ ለ14 ዓመት ልጅ፣ የመጀመሪያው መርፌ ተሰጠው። ንጥሩ ጥራት ስላልነበረው ብዙም አልረዳውም። ጄምስ ኮሊፕ የተባለው ባለሙያ አጣርቶት ጥር 15 ቀን ሲደገምለት ግን የደሙ ስኳር ወረደ። ልጁ ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ። ኤልሳቤጥም በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ መርፌውን ጀመረች። ትምህርቷን ጨርሳ፣ አግብታ፣ ሦስት ልጆች ወልዳ፣ በ73 ዓመቷ እ.ኤ.አ. በ1981 አረፈች።

ሁለት ነገር ልብ እንድትሉልን እንፈልጋለን። አንደኛው፣ ያገኙት ሰዎች የፈጠራ መብቱን ለዩኒቨርሲቲው እያንዳንዳቸው በአንድ ዶላር ሸጡት። መድኃኒቱ የአንድ ሰው ሀብት እንዳይሆን አስበው ነው። ሁለተኛው፣ ኤልሳቤጥ ሕመሟን አብዛኛውን ዕድሜዋን ደብቃ ኖረች፤ የገዛ ልጆቿ እንኳ ያወቁት ካደጉ በኋላ ነው። ነፍሷ ዳነ፤ ዕፍረቷ ግን አልዳነም። «መኖር» እና «ደኅና ሆኖ መኖር» የተለያዩ መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ታሪክ አላገኘንም።

ከቶሮንቶ ወደ እኛ

በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ አውሮጳን ሲጎበኙ የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት አብረዋቸው ነበሩ። ያን ጊዜ ኢንሱሊን በአውሮጳ ከተሞች መሸጥ ጀምሮ ነበር። ደብረ ማርቆስ ላይ ግን እንኳን ኢንሱሊን፣ የሽንት ስኳር የሚመረምር ሰውም ማግኘት ዘበት ነበር። በዓለም አንድ መድኃኒት ተገኘ ማለትና ያ መድኃኒት ለአንድ የገበሬ ልጅ ደረሰ ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በመካከላቸው መንገድ አለ፣ ሐኪም አለ፣ ማቀዝቀዣ አለ፣ ገንዘብ አለ።

የእኛ መንገድ ደግሞ በዓባይ በረሃ ያልፋል። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ሸለቆው ተወርዶ፣ ሙቀቱ ተታልፎ፣ በደጀን በኩል ወደ ደጋ ይወጣል። ኢንሱሊን ሙቀት ያበላሸዋል። ያልተከፈተው ጠርሙስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን መንግሥት ድጋፍ የተሠራው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ሲመረቅ ሁላችንም ስለ ንግዱ አወራን። ዛሬ ስናስበው ግን በዚያ ድልድይ ላይ ከሚያልፈው ጭነት ሁሉ ለአንዳንድ ቤት ከአንዲት ትንሽ ጠርሙስ የሚበልጥ አልነበረም።

ሐኪሙን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የተመሠረተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ያሠለጠናቸው የጤና መኮንኖችና ነርሶች በየአውራጃው ተሠማሩ። በአዲስ አበባ ዶክተር ፍራንሲስ ሌስተር የዓይነት አንድ ሕመምተኞችን ሁኔታ ከ1976 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. ድረስ ተከታትለው መዝግበዋል። ከሕመሙ ጋር 20 ዓመት ስለኖሩ ኢትዮጵያውያንም ጽፈዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በአገራችን በዚህ ሕመም ሃያ ዓመት የኖረ ሰው መኖሩን አስመዝግቧልና። እ.ኤ.አ. በ1977 የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያውን የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ሲያወጣ ኢንሱሊን በውስጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 የኢትዮጵያ የስኳር ሕመም ማኅበር ተመሠረተ። ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ እንደ «ላይፍ ፎር ኤ ቻይልድ» ያሉ ዓለም አቀፍ ፕሮግራሞች ለድሆች አገር ልጆች ኢንሱሊንና መለኪያ መለገስ ጀመሩ፤ አገራችንም ተጠቃሚ ሆናለች።

የጎንደር ትምህርትና ያልተቆጠሩት ሴቶች ልጆች

ለእኛ ክልል ከሁሉ የሚቀርበው ታሪክ የጎንደሩ ነው። ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው ያዩት ችግር ይህ ነበር፦ ሕመምተኛው ኢንሱሊን ለመውሰድ ከገጠር ተነሥቶ ረጅም መንገድ በእግሩ ይመጣል፤ እርሻው ሲያስቸኩለው ወይም ስንቁ ሲያልቅበት ይቀራል፤ ሲቀር ይሞታል። መፍትሔያቸው ሆስፒታሉን ማስፋት ሳይሆን ሕክምናውን ወደ ሕመምተኛው ማውረድ ነበር። በየጤና ጣቢያው ያሉ ነርሶች ሠለጠኑ፣ ኢንሱሊኑም እዚያው እንዲቀመጥ ሆነ። ከእንግሊዝ አገር የመጡ ሐኪሞችም በዚህ ሥራ አብረዋቸው ደክመዋል። በጅማም ተመሳሳይ ሥራ ተሠርቷል።

እኒህ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት አንድ ያልተለመደ ነገር አሳዩ። በገጠር ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ሕመምተኞች በአብዛኛው በጣም ድሆችና ቀጫጮች ነበሩ። በልጅነት መራብ ቆሽትን ይጎዳ ይሆን? የሚል ጥያቄ አነሡ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 እ.ኤ.አ. ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር ሕመም የሚል መደብ ነበረው፤ በ1999 ግን አንሥቶት ነበር። በ2020 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚኖሩ የአማራ ሕመምተኞችን የዘር ውርስና የሰውነት መከላከያ መርምሯል። በሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. የዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በባንኮክ ባደረገው ጉባኤ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ሕመም «ዓይነት አምስት» ብሎ ሰይሞታል። ይህን የምንጽፈው ማንም ሰው «የእኔ ሌላ ዓይነት ነው» ብሎ መርፌውን እንዲያቆም አይደለም። የሕክምና ለውጥ ከሐኪም ጋር ብቻ የሚወሰን ነው። የምንጽፈው የገጠሩ ድህነት በሕክምና መጻሕፍት ላይ ጥያቄ ሆኖ መመዝገቡን እንድታውቁ ነው።

በዚያው በጎንደሩ ጥናት ውስጥ እኛን ሴቶችን ዝም የማያሰኝ ሌላ ነገር አለ። በገጠር ከተመዘገቡት ሕመምተኞች ወንዶቹ ከሴቶቹ ይበልጡ ነበር። ሐኪሞች ለዚህ የተፈጥሮ ምክንያት ሊፈልጉለት ይችላሉ፤ ትክክልም ሊሆን ይችላል። እኛ ግን ይህን ገጠር ከውስጡ እናውቀዋለን። ወንድ ልጅ ሲታመም በሬ ተሸጦ ከተማ ይወሰዳል። ሴት ልጅ ስትታመም «እስቲ እንያት» ይባላል። ብዙ ውኃ የምትጠጣ ልጅ ውኃውን ራሷ ከምንጭ ስለምትቀዳ ማንም አያስተውላትም። አልጋ የምታረጥብ ልጅ ለትዳር እንዳትጠላ ይደበቅላታል። ስለዚህ የጥናቱን ቁጥር ስናይ «ያልመጡት ሴቶች ልጆች የት አሉ?» ብለን እንጠይቃለን።

የእኛ ልጅ

ይህን ጥያቄ የምንጠይቀው ከሩቅ ሆነን አይደለም። ከአራት ዓመት በፊት የአንዲት አባላችን የ13 ዓመት ልጅ መክሳት ጀመረች። ሌሊት አልጋዋን ታረጥብ ነበር፤ እናቷ አፍራ ለማንም አልነገረችም። በየሳምንቱ ቁጠባ ስንሰበስብ ልጅቷ ቡና ስታቀርብ እናያት ነበር። ቀሚሷ ሰፍቷት፣ ከንፈሯ ደርቆ አይተናል። አንዳንዶቻችን «ጠበል አስጠምቂያት» አልን። አንዳንዶቻችን «እድገት ነው» አልን። አንድ ክሊኒክ ተወስዳ የታይፎይድ መድኃኒት ተሰጣት፤ ስኳሯን የለካ አልነበረም። ትንፋሿ ሲፈጥንና ማስታወክ ስትጀምር ሆስፒታል ደረሰች፤ ግን ራሷን ስታ ነበር። በሦስተኛው ቀን አረፈች።

ለቀብሩ ከማኅበሩ ሣጥን ገንዘብ አወጣን፤ ድንኳን ተከልን፣ ንፍሮ ቀቀልን፣ ሐዘንተኛዋን አስተዛዘንን። ሁሉን በደንብ አደረግን። በኋላ አንዲት ነርስ አባላችን ቀስ ብላ «የዚያች ልጅ ሕመም የሚታወቀው በአንዲት የደም ጠብታና በአንዲት የመለኪያ ስትሪፕ ነበር» አለችን። ለንፍሮው ያወጣነው ገንዘብ ስንት ስትሪፕ ይገዛ እንደነበር ያሰላነው ያን ጊዜ ነው። ክሊኒኩን ለመውቀስ ይቀለን ነበር። ነገር ግን ከክሊኒኩ በፊት ሁለት ወር ሙሉ ያየናት እኛ ነበርን።

ከዚያ ወዲህ ሌላ እናት «ልጄ ውኃ አይበቃትም» ብላ ስትነግረን አልዘገየንም። በዚያው ቀን ተለካች፤ በዚያው ቀን ሕክምና ጀመረች። ዛሬ አሥረኛ ክፍል ናት። በአሁኑ ጊዜ ከዚህ ሕመም ጋር የሚኖር ልጅ ያላቸው አራት አባላት አሉን።

መኖር ብቻ አይበቃም

እነዚህን አራት እናቶች «ምን ይከብዳችኋል?» ብለን ስንጠይቃቸው መርፌውን በመጀመሪያ አላነሡትም። ያነሡት ይህን ነው።

አንደኛው አለመለካት ነው። በአሜሪካና በካናዳ 1,441 ሰዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1993 ሲጠናቀቅ፣ ደማቸውን በየቀኑ ደጋግመው እየለኩ ኢንሱሊናቸውን የሚያስተካክሉ ሰዎች የዓይን ጉዳት የመያዝ ዕድላቸው በ76 በመቶ፣ የነርቭ ጉዳት በ60 በመቶ እንደሚቀንስ ታየ። ኩላሊትም በእጅጉ ይጠበቃል። እዚያ በቀን አራት ጊዜ ይለካል። የእኛ ልጆች ግን ለብዙ ጊዜ የሚለኩት ለክትትል ሲሄዱ፣ በወር አንድ ጊዜ ነበር። በመካከሉ ያሉት ቀናት በግምት ይታለፋሉ። «ዓይን ታስሮ ገደል ዳር እንደመሄድ ነው» አለች አንዷ እናት።

ሁለተኛው ስኳር መውረድ ነው። ከሲናን፣ ከአነደድ፣ ከደብረ ኤልያስ ለትምህርት የሚመጡ ልጆች ደብረ ማርቆስ ላይ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ከቤት የመጣው ስንቅ፣ በሶውና ድርቆሹ፣ ሐሙስና ዓርብ ላይ ያልቃል። መርፌውን ወግቶ ሳይበላ የተኛ ልጅ ሌሊት ስኳሩ ወርዶ ያልበው፣ ይንቀጠቀጥ፣ ራሱን ይስት ይሆናል፤ ብቻውን ከሆነ የሚያነቃው የለም። ስለዚህ አብሮት የሚኖረው ጓደኛ ማወቅ አለበት፤ አጠገቡም ስኳር፣ ከረሜላ ወይም ማር መኖር አለበት። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥም፤ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል።

ሦስተኛው ጾም ነው። እኛ ጾምን የምናከብር ሕዝብ ነን። ነገር ግን ኢንሱሊን ወግቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ለሞት ያደርሳል። ቤተ ክርስቲያናችን ለሕመምተኛ ርኅራኄ አላት። ልጁ ይዞት ያለውን ሕመም ለንስሐ አባቱ መንገር ያስፈልጋል፤ የነገሩ እናቶች ሁሉ መልካም ምክር አግኝተዋል። ጠበልም እንዲሁ ነው፤ ጠበል የሚሄድ ልጅ ኢንሱሊኑን ይዞ ይሂድ፣ አያቋርጥ።

አራተኛው ማስቀመጫ ነው። ማቀዝቀዣ ከሌለ፣ በሁለት የሸክላ ዕቃዎች መካከል እርጥብ አሸዋ አድርጎ ጠርሙሱን በውስጠኛው ማኖር በቆላ ይጠቅማል። በጮቄ ግርጌ ላሉት ደግሞ ተቃራኒው ያሰጋል፤ ውርጭ ያቀዘቀዘውና በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም፣ ይጣላል።

አምስተኛው ትዳር ነው። «ይህ ሕመም እንዳለባት ከታወቀ ማን ያገባታል?» የሚለው ጥያቄ ልጆቻችንን ትምህርት ቤት ውስጥ መርፌያቸውን እንዲደብቁ፣ ምሳ ሳይበሉ እንዲውሉ ያደርጋቸዋል። ኤልሳቤጥ ሂዩዝ ከመቶ ዓመት በፊት የደበቀችውን የእኛ ልጆች ዛሬም ይደብቃሉ። ክትትል ያላት ሴት ማግባትም መውለድም ትችላለች። እርግዝናው ከመጀመሩ በፊት ለሐኪም መንገር፣ በእርግዝናውም ወቅት ተደጋጋሚ ክትትል ያስፈልጋል።

መንገድ ሲዘጋ

በኢትዮጵያ መልካም ሥራዎች ተሠርተዋል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ገብተዋል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች አንዷ የጎጃሟ ደቡብ አቸፈር ነበረች። የመድህን ካርድ ያለው ቤተሰብ ተቋሙ ውስጥ መድኃኒት ሲኖር በእጅጉ ይቀልለታል። ሳይኖር ግን ከግል ፋርማሲ መግዛት ግድ ይሆናል፤ መለኪያ ስትሪፕ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከኪስ የሚወጣ ነው።

ኢንሱሊን ግን መንገድ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ በመቐለ ዓይደር ሆስፒታል ያሉ ሐኪሞች ኢንሱሊን እያለቀባቸው መሆኑን ለዓለም ሲናገሩ ሰምተናል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን ግጭት ሲነሣ ነገሩን በራሳችን ቤት አየነው። መንገድ በተዘጋባቸው ሳምንታት ከልጆቻችን አንዷ ጠርሙሱ እንዳያልቅባት ለእናቷ ሳትነግር መጠኑን በግማሽ ቀነሰች። ታማ ሆስፒታል ገብታ ተረፈች። ከዚያ ወዲህ የምንለው አንድ ነው፦ መጠን በራስ አይቀነስም፤ ሲያልቅ ሳይሆን ገና ሳለ ይነገረን።

እዚህ ላይ የኢቫ ሳክስልን ታሪክ እናንሣ። ኢቫ ከፕራግ ተሰድዳ ሻንጋይ የገባች ወጣት ነበረች። እዚያ ሳለች ዓይነት አንድ ያዛት። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲስፋፋ የጃፓን ጦር ከተማዋን ያዘ፣ ኢንሱሊንም ጠፋ። እሷና ባሏ ቪክቶር ከሕክምና መጽሐፍ እያነበቡ፣ ቻይናዊ ባለሙያ ረድቷቸው፣ ከጎሽ ቆሽት ኢንሱሊን መሥራት ቻሉ። በጥንቸሎች ከፈተኑት በኋላ ለራሷ ወሰደች፣ ለሌሎችም አካፈለች። ከሁለት መቶ በላይ ሰዎች በዚያ ጦርነቱን ተሻገሩ። ይህን በቤታችን እንሞክረው አንልም፤ ሞት ነው። የምንወስደው ትምህርት ሌላ ነው። ኢቫ ያገኘችውን ለራሷ ብቻ አላስቀረችም፤ ሕመምተኞቹም እርስ በርስ ይተዋወቁ ነበር። የተደበቀ ሕመምተኛን በክፉ ቀን ማንም አያገኘውም።

በጉባኤው የምንወስነው

እስካሁን ያደረግነው ትንሽ ነው። በየስብሰባችን መጀመሪያ «ብዙ የሚጠጣ፣ ብዙ የሚሸና፣ የሚከሳ ልጅ ያለበት ቤት አለ?» ብለን እንጠይቃለን። ከደጋፊዎቻችን ባገኘነው እርዳታ አንድ የደም ስኳር መለኪያ ገዝተን ነርሷ አባላችን ዘንድ አስቀምጠናል። ሱቅ ያላት አንዲት እኅታችን የአራቱን ልጆች ኢንሱሊን በማቀዝቀዣዋ ታስቀምጣለች፤ መብራት ሲጠፋ በሩን እንዳይከፍቱ ቤተሰቦቿን አስጠንቅቃለች።

በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርበው ሐሳብ ከዓመታዊ ትርፋችን ለስትሪፕ መግዣና የመድህን ክፍያ ላቃታቸው አባላት የሚሆን ቋሚ መደብ እንዲለይ ነው። ተቃውሞ አለ፤ መሰወር አንፈልግም። «ለአራት ልጆች ብለን የሁሉን ቁጠባ?» የሚሉ አባላት አሉ። ጥያቄያቸው ክፋት የለበትም፤ ሁላችንም ከድካማችን ነው የምንቆጥበው፣ ሌላ በሽታና ሌላ ችግርም በየቤቱ አለ።

እኛ ግን እንዲህ እንመልሳለን። የአራቱን ቁጥር ያወቅነው ስለጠየቅን ነው፤ ሳንጠይቅ በፊት ዜሮ ነበር፤ ዜሮ ሲሆን ደግሞ አንዲት ልጅ ቀብረናል። ኢንሱሊንን ያገኙት ሰዎች ለሁሉ እንዲደርስ ብለው በአንድ ዶላር ለቀቁት። የጎንደር ሐኪሞች ወደ ጤና ጣቢያ አወረዱት። መኪናው የዓባይን በረሃ አሻግሮ ደብረ ማርቆስ አደረሰው። ከዚያ እስከ ልጅቷ ክንድ የቀረው መንገድ የቤትና የጎረቤት መንገድ ነው፤ እሱን የሚሄድልን ሌላ የለም።

ውድ አባሎቻችን፣ በጉባኤው ተገኝታችሁ ድምፃችሁን ስጡ። የተከበራችሁ ደጋፊዎቻችን፣ ማገዝ ብትፈልጉ በመጀመሪያ ስትሪፕ አስቡልን። ከሁሉ በፊት ግን ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ ልጆቻችሁን እዩ። የውኃው እንስራ ቶሎ ቶሎ የሚጎድልበት ቤት ካለ፣ ነገ ሳይሆን ዛሬ ንገሩን።